ቀለሙ ጠፋ

ሰው መናቅ እንደ ሙያ ቢቆጠር ኖሮ እሬት እስካሁን ፕሮፌሰር በሆነች ነበር። እሬት ብለው የሰየሟት የላቦራቶሪው ባልደረቦቿ ናቸው፤ አልተሳሳቱም። ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ ፊቷን ያየ ሰው የጠጣው ሻይ ተመልሶ አፉ ውስጥ ይመርረዋል። ስሟን ሰምታለች፣ አልከፋትም። "ማር ላይ ዝንብ ይሰፍራል፤ እሬት ላይ ማን ደፍሮ ያርፋል?" አለች አሉ። በስድቧ የምትኮራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷን ማየት ነው።

ላቦራቶሪው የቆሻሻ ውሃ ላቦራቶሪ ነው። ከከተማው ዳር ካለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውሃው በጀሪካን እየተሞላ ይመጣል። ቀይ በተነከረ ቀን ቀይ፣ ሰማያዊ በተነከረ ቀን ሰማያዊ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁሉም ተደባልቆ፣ ሳሙናውና ቅባቱ ተጨምሮበት፣ ዝናብ የመታው የመንገድ ጭቃ መስሎ ይመጣል። ጀሪካን ውስጥ ያልገባው ደግሞ በቱቦ ወንዝ ይገባል። ፋብሪካው ዘንድሮ ምን ዓይነት ሸሚዝ እንደሚያወጣ ከነጋዴው ቀድሞ የሚያውቀው ወንዙ ነው።

የላቦራቶሪው ሥራ ይህን ቀለም የሚሰባብር ካርቦን መሥራት ነበር። የበቆሎ ቆረቆንዳ አየር በሌለበት ምድጃ ይከተታል፣ ይከስላል፣ ይፈጫል። በአጭሩ ከሰል ነው። እሬት ፊት ግን ከሰል ብላችሁ እንዳትጠሩት፣ ዓይኗ ይቀላል። እሷ ካታሊስት ነው የምትለው። ካታሊስት ማለት ሌላው ነገር ቶሎ እንዲሠራ የሚያደርግ፣ ራሱ ግን ሳይነካ፣ ሳይጎድል፣ እንደገባ የሚወጣ ነገር ነው።

የላቦራቶሪውን ኃላፊ "ካታሊስት" ብላ የሰየመችውም እሷው ናት። እናንተዬ፣ ስም ማውጣት እንዲህ ነው! ሰውዬው ሌላውን ያሠራል እንጂ አይሠራም። ስብሰባ ይገባል፣ ሳይነካ ይወጣል። ዓመት አልፎ ዓመት ይተካል፣ ከሱ አንዳች ነገር አይጎድልም፤ ከቦርጩ በቀር የሚጨመርም የለም። ስሙ ሳምንት ሳይሞላው ከጥበቃው እስከ ጽዳቷ ተዳረሰ። እሱ ራሱ ሲሰማው ሙገሳ መስሎት ደስ አለው። እሬት ያን ቀን ሳቋን ለማፈን የጋዋኗን እጅጌ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ካታሊስት የእህቷ ባል ነው። እናታቸው ስትሞት እሬት ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ ጣቷን በመርፌ እየወጋች አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ የመጀመሪያ ጋዋኗንም በእጇ ሰፍታ አለበሰቻት። እሬት በዚህ ዓለም ላይ የማትንቀው ሰው ቢኖር "እትዬ" የምትላት ይህች እህቷ ብቻ ናት። ያቺ እትዬ ታዲያ ከወንድ ሁሉ መርጣ መርጣ ያንን አገባች! እሬት ለዚህ ምርጫ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረገችም። ቤት ውስጥ "ጋሼ" ትለዋለች፣ መሥሪያ ቤት "ዶክተር" ትለዋለች፣ በልቧ የምትለውን እዚህ ማንሳት ነውር ነው። እሱ ደግሞ የትም ይሁን የት፣ እንግዳ ፊትም ቢሆን፣ "ዋርሳዬ" ነው የሚላት። ዋርሳዬ ባላት ቁጥር ጥርሷን ስታፋጭ ኮሪደር ላይ ይሰማል።

በዚያ ዓመት ላቦራቶሪው ሁለት ዓይነት ካርቦን ነበረው። አንዱ የእሬት ነው። ቆረቆንዳው ከመክሰሉ በፊት ዩሪያ ውስጥ ይነከራል፤ ከማዳበሪያው የሚመጣው ናይትሮጅን ካርቦኑ ውስጥ ይሰገሰጋል። ከዚያ ሴቶች ፀጉራቸውን የሚያነጡበት ፐርኦክሳይድ ሲጨመርበት ካርቦኑ ፐርኦክሳይዱን ይሰነጥቀዋል፣ የተሰነጠቀው ደግሞ ቀለሙን ባገኘበት ይዘነጣጥለዋል። ቀለሙ ተበጣጥሶ ተበጣጥሶ መጨረሻው አየርና ውሃ ነው። ግን ቀስ ይላል፤ ጠዋት የተጀመረው ከሰዓት ነው የሚደርሰው። ስንት ዓመቷን፣ ስንት እሑዷን፣ አንድ ደህና እጮኛዋን ጭምር የበላ ካርቦን ነው። ያ እጮኛ "ወይ እኔን ወይ ቆረቆንዳውን" ሲላት፣ እንኳን ልታስብበት ቀና ብላም አላየችው።

ሁለተኛው የካታሊስት ነው፤ የሰውዬው ማለቴ ነው። ፖታሽ በሚባል ጨው ተጠብሶ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ዱቄት። በማንኪያ ጨመር፣ ፐርኦክሳይድ ጠብ፣ አማሰል፣ አጠለል፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ውሃው ጥርት! ሪፖርቱ ላይ "ቀለሙ ጠፋ" ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩም አሰመረበት።

"ጠፋ!" አለች እሬት ሪፖርቱን ስታነብ፣ ለብቻዋ፣ ለግድግዳው። "የቤት ቁልፍም ይጠፋል። ሶፋ ሥር ነው እንጂ የት ይሄዳል? ጠፋ ማለት ተሰባበረ ማለት ነው እንዴ? ይሄን ሰው ማነው ዶክተር ያለው?"

ያኔውኑ ዱቄቱን ወስዳ ፐርኦክሳይድ ሳትጨምር ሞከረችው። ውሃው በዚያው ፍጥነት ጠራ። ፐርኦክሳይዱ ለካ ሳይጠራ እንደመጣ እንግዳ ጥግ ላይ ቆሞ ነው የኖረው፣ ሥራ የለውም። ካርቦኑ ቀለሙን አልሰበረውም፤ ቀዳዳው ውስጥ ወስዶ ሸጎጠው እንጂ። ከውሃው ወደ ዱቄቱ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ዱቄቱ ሲጠግብ የት ይጣላል? ሜዳ ላይ። ዝናብ ሲመታውስ? መሄጃው ያው ወንዝ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት በር አልፎ "ዶክተር፣ እዚህ ጋ አንድ ስህተት አለ" ይል ነበር። እሬት አላለችም። ለማን ትበል? ለሱ? "ከሱ ጋር ከማወራ ከድንጋይ ጋር ባወራ ይሻለኛል፤ ድንጋይ ቢያንስ የገባው መስሎ ራሱን አይነቀንቅም" አለች። ዝም አለች፣ ወር አልፎ ወር ሲተካም ዝም አለች። ዝምታዋንም ትዕግሥት ብላ ጠራችው። ኤዲያ! ቂም ትዕግሥት ተብሎ ሲጠራ ያየሁት እሷ ዘንድ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ መጣ። ባለፋብሪካው ቱቦው አፍ ላይ ትልቅ የማጣሪያ ገንዳ ሊያሠራ ነው፤ የውሃ ቢሮ አስገድዶት እንጂ ወዶ አይደለም። ገንዳው አንድ ነው፣ የሚገባበትም አንድ ካርቦን ነው። የተመረጠው ምድጃውንም ሠራተኛውንም ይወስዳል፤ ያልተመረጠው መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ካታሊስት ሠራተኛውን ሰብስቦ እጁን ቦርጩ ላይ አጣጥፎ ተናገረ።

"እንግዶቹ ሐሙስ ከሰዓት ይመጣሉ። ባለፋብሪካው ራሱና ከውሃ ቢሮ አንዲት ሴትዮ ናቸው። ሁለቱንም ካርቦን እናሳያለን። ዋርሳዬ፣ ያንቺ ጊዜ ይፈጃልና ጠዋት አስጀምሪው። ሲገቡ ደርሶ ይጠብቃቸው።"

"እሺ ዶክተር" አለች እሬት፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። አንገቷን ስትሰብር ያያት ሰው ቢያስብበት ኖሮ ይፈራ ነበር።

ልቧ ሌላ ድግስ ይደግስ ነበራ! ካርቦን ቀዳዳው ውስጥ የሸጎጠውን ቀለም አልኮል ሲፈስበት መልሶ ይተፋዋል። ይህን ማንኛውም የሙያው ሰው ያውቃል፤ ካታሊስትም በልጅነቱ ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ከዚያ አለቃ ሆነና ረሳው። እሱ ጥርት ያለውን ውሃ ከፍ አድርጎ "ቀለሙ ጠፋ" ሲል፣ እሷ ብድግ ብላ ዱቄቱ ላይ አልኮል ታፈስበታለች። ያ ጠፋ የተባለው ቀለም በሰው ሁሉ ፊት ኩልል ብሎ ይወርዳል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል" አለች ለራሷ፣ "የሱ ዱቄት ግን ይለቃል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ቆይ ብቻ!" ሦስት ሌሊት ይህን እያሰበች በደስታ ተኛች። ሰው ለሠርጉ እንኳ እንዲህ አይቋምጥም።

ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ገባች። የራሷ መሣሪያ፣ ሆዱ ክብ የሆነው ትልቁ ብርጭቆና ማማሰያው፣ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ካርቦኗም በብልቃጥ ሆኖ ከጎኑ ተቀምጧል። ውሃ መጨመር፣ ፐርኦክሳይድ መጨመር፣ ማማሰያውን ማስነሳት፤ ሥራው ይኸው ነው። አየችውና አለፈችው።

ለምን ትጀምረው? ከዚያ ሰውዬ ከሰል ጎን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይታይ? ሥራዋን ይህን ያህል ታዋርደው? ደግሞም ሁለት ነገር ባንዴ ሲታይ ዓይን ይከፈላል። መጀመሪያ እሱ ይውደቅ፣ በደንብ ይውደቅ፣ አቧራውም ይታይ። እሱ ከወደቀ በኋላ ተንበርክከው ወደ እሷ ይመጣሉ፤ የት ይሄዳሉ? ያኔ በክብር፣ ለብቻዋ፣ በመረጠችው ቀን ታሳያቸዋለች። እንዲህ አሰበችና ዓይኗን ከመስኮቱ መለሰች።

ጠዋቱን ሙሉ ግን እጇ ሥራ አልፈታም። ረጅሙን ብርጭቆ መርጣ አጠበች፣ አልጸዳ ብሏት እንደገና አጠበች፣ ወደ ብርሃን ዘቅዝቃ አየችው። አልኮሉን ለካች። ከሁሉ የሚገርመው ውሃው ነው። ካታሊስት ሁልጊዜ ለእንግዳ የሚያሳየው በጀሪካን በመጣው ውሃ አይደለም፤ አንድ ቀይ ቀለም ብቻ በቧንቧ ውሃ አስበጥብጦ ነው። "ለማሳያ ያህል ነው" ይላል። እሬት ይህን አባባል ስትሰማ ምራቋን ልትተፋ ይቃጣታል። የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ በንጹሕ ውሃ ይፈተናል? የዕውር ዓይን በጤነኛ ሰው ይመረመራል? የዛሬን አያድርገውና ስንቴ አላግጣበታለች። ዛሬ ግን ቀዩን በገዛ እጇ በጠበጠችው፣ ከወትሮው ጨመር አድርጋ አደመቀችው። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ጭቃ በአልኮል ቢወጣም ያው ጭቃ ነው፣ ማን ይደነግጣል? ቀዩ ግን ከሩቅ ይጮሃል።

እንግዶቹ ከሰዓት ገቡ። እሬት ገና ከበሩ ሁለቱንም መዘነችና ጣለቻቸው። ባለፋብሪካው ከሰው ፊት ይልቅ ሰዓቱን የሚያይ፣ ጫማው ላብ ያላበው ይመስል የሚያብረቀርቅ ሰውዬ ነው። የውሃ ቢሮዋ ሴትዮ ደግሞ ቀጭን ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ "መነጽሬን የት አደረግኩት?" እያለች ቦርሳዋን ትበረብራለች። "አቤት ዳኞች!" አለች እሬት በሆዷ። "ከእጅ አይሻል ዶማ።"

ካታሊስት ዛሬ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በላዩ ላይ ሚስቱ የሰፋችለትን ነጭ ጋዋን ደርቦ፣ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ስለ ካርቦን ተናገረ፣ ስለ ወንዝ ተናገረ፣ ስለ መጪው ትውልድም ተናገረ። መጪው ትውልድ ምን አገባው? ከዚያ ቀዩን ውሃ አነሳ፣ ዱቄቱንና ፐርኦክሳይዱን ጨመረ፣ አማሰለ፣ አጠለለ። በማጥለያ ወረቀቱ ላይ ጥቁሩ ዱቄት ቀረ፣ ከሥር ጠብ ጠብ ያለው ውሃ ከዝናብ የጠራ ሆነ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገና፣

"እንደምታዩት፣ ቀለሙ ጠፋ!" አለ።

ባለፋብሪካው አጨበጨበ። ሴትዮዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አግኝታ ወደ ዓይኗ አወረደች።

"ይቅርታ ዶክተር" አለች እሬት ከኋላ። ድምፅዋ ማር ማር ይል ነበር፣ ይህ ራሱ መጥፎ ምልክት ነው። "የት ጠፋ ይሉናል?"

"እንዴት፣ የት?" አለ ካታሊስት ፈገግታው ሳይወርድ።

"የጠፋ ነገር የሚሄድበት አለው ብዬ ነው።"

መልስ አልጠበቀችም። ረጅሙን ብርጭቆ ከማጥለያው ሥር አስገባች፣ ጥቁሩ ዱቄት ላይ አልኮሉን ቀስ ብላ አፈሰሰች። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ አንድ ጠብታ ወረደ። ቀይ ነው። ሌላ ወረደ፣ ከዚያ ኩልል አለ፤ ብርጭቆው ከታች ወደ ላይ እየቀላ ሄደ። ደም የመሰለ፣ ከመጀመሪያው የደመቀ ቀይ። የካታሊስት ፊት እንደ ማጥለያው ወረቀት ነጣ። እሬት ይህን ፊት ለማየት ስንት ወር ጠበቀች! ጠገበችው፣ አጣጣመችው። እሰይ፣ ስለቴ ሰመረ አለች።

ባለፋብሪካው ከወንበሩ ተነሳ። ቀዩን ብርጭቆ በሁለት እጁ ያዘው።

"ይሄ እኮ ቀለሜ ነው" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ረሳ። "ቀለሜ! በየቀኑ ወንዝ የሚጠጣብኝ ቀለም! ተመልሶ ይወጣል ማለት ነው? መልሼ ልነክርበት እችላለሁ?"

ካታሊስት ወደ ብርጭቆው አየ፣ ወደ ባለፋብሪካው አየ። ደም ቀስ ብሎ ፊቱ ላይ ተመለሰ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ ዋርሳዬ ቀደመችኝ" አለ። "ሁለተኛው ጥቅሙ ይሄ ነው። ውሃውም ይጠራል፣ ቀለሙም ለባለቤቱ ይመለሳል።"

ወይ ጉድ! ዓይኑን በጨው አጥቦ! እሬት ጆሮዋን ማመን አቃታት። ያነደደችው እሳት ሰውዬውን አላቃጠለውም፤ ይባስ ብሎ እየሞቀው ነው።

"ኧረ ውሸት ነው!" ብላ ጮኸች። "ጌታዬ፣ አይስሙት። የርስዎ ውሃ እንዲህ አይደለም። ይሄ አንድ ቀለም ብቻ ነው፣ እኔ በቧንቧ ውሃ በጥብጬ ያመጣሁት። የርስዎ ሁሉም የተደባለቀበት ነው። አልኮል ቢያፈሱበት የሚያገኙት ጭቃ ነው፣ ጭቃ!"

ባለፋብሪካው ፊቱን አጨማደደ። "ታዲያ ውሃዬን በጀሪካን የምትወስዱት ለምንድነው? ለምን በሱ አላሳያችሁኝም? ማነው ይሄን የበጠበጠው አልሽኝ?"

"እኔ።"

"እያወቅሽ?"

"እያወቅኩ።"

"ለምን?"

እሬት አፏን ከፈተች። ቀዩ ያምርልኛል ብዬ ነው አይባል። አለቃዬን ላዋርድ ፈልጌ ነው አይባል። የወጣላት ቃል የራሷ አልነበረም።

"ለማሳያ ያህል ነው" አለች።

ካልተሳሳትኩ ካታሊስት ፈገግ ሊል ነበር፣ ግን ተወው። ባለፋብሪካው "ጭቃም ቢሆን ጥቁር ጨርቅ አይነከርበትም?" እያለ ሲያሰላስል፣ የውሃ ቢሮዋ ሴትዮ ወደ ማጥለያው ጎንበስ ብላ ዱቄቱን አየችው። እሬት ገና ከበሩ መዝና የጣለቻት ያቺ ሴትዮ ማለት ናት።

"እኔን የገረመኝ ሌላ ነው" አለች ሴትዮዋ። "ቀለሙ ከውሃው ወጥቶ ዱቄቱ ውስጥ ተደበቀ፣ ይኸው ነው አይደል? ዱቄቱ ነገ ሜዳ ላይ ከተጣለ ወንዙ ምን ተጠቀመ? እኔ የመጣሁት የሚደብቅ ፍለጋ አይደለም። ቀለሙን ጨርሶ የሚሰባብር ነገር የላችሁም? ስትጋብዙን ሁለት ካርቦን ነው የምናሳያችሁ ብላችሁ ነበር እኮ።"

የእሬት ልብ ዘለለ። ይህቺን ጥያቄ ስንት ዓመት ነው የጠበቀቻት! እሑዷን የሰዋችላት፣ እጮኛዋን ያጣችላት ጥያቄ በሁለት እግሯ መጥታ ፊቷ ቆመች።

"አለ" አለች። "የኔ አለ። ይሰባብራል፣ አየርና ውሃ ያደርገዋል። በጀሪካኑ ውሃ ራሱ ሞክሬዋለሁ፤ በጭቃው!"

"ጎበዝ! የታለ ታዲያ?"

ሁሉም እጇ ወደ ጠቆመበት ወደ መስኮቱ ዞረ። ትልቁ ብርጭቆ ባዶውን፣ ደርቆ፣ የከሰዓት ፀሐይ እያለፈበት ቆሟል። ማማሰያው አይዞርም። ካርቦኑ ብልቃጡ ውስጥ እንደታሸገ ነው።

"ጊዜ ይፈጃል" አለች እሬት። ድምፅዋ ቀነሰ። "ግማሽ ቀን ያህል።"

"እሱማ ይፍጅ። መቼ ጀመርሽው?"

ይህን ጊዜ እሬት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትወድ ነበር። ምን ትበል? ጠዋት ብርጭቆ ሳጥብ ነበር ትበል? ሴትዮዋ ትጠብቃለች፣ ባለፋብሪካው ሰዓቱን ማየት ጀምሯል።

"መሣሪያው ጠዋት ተበላሽቶብን ነው" አለ አንድ ድምፅ።

ካታሊስት ነው። ወደ ሴትዮዋ አይደለም የሚያየው፣ ወደ እሬት ነው። ዓይኑ ላይ ድል የለም፣ ተንኮልም የለም። ከዚያ የከፋ ነገር ነበር፤ አዘነላት። አንድ ቃል "ጠፋ" ብሎ ስለጻፈ ወራት ሙሉ ቂም የያዘችበት ሰው፣ አሁን ዓይኑን ሳያሽ ዋሸላት።

ሴትዮዋ ወደ እሬት ዞረች። "እውነት ነው? ተበላሽቶ ነው?"

ይህቺ ደቂቃ የእሬት ነበረች። "አይደለም፣ አላስጀመርኩትም፤ ነገ ጠዋት ይምጡና አሳይዎታለሁ" ማለት ይቻል ነበር። ሰው ይስቅባት ነበር፣ ይስቅባታ! ካርቦኗ ግን ይተርፍ ነበር። እሬት ግን ስትስቅ እንጂ ሲሳቅባት መኖርን አልለመደችም።

"አዎ" አለች። "ተበላሽቶ ነው።"

"እንግዲህ" አለች ሴትዮዋ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ መልሳ እየሰቀለች፣ "በቀላሉ የሚበላሽ ነገር ገንዳ ላይ አይሆንም። ማታ ማን ይጠግነዋል? እኔ ያየሁትን ነው የማጸድቀው። የዶክተሩ ይሁን፤ ዱቄቱ ግን ሜዳ እንዳይጣል፣ መጋዘን ተቆልፎበት ይቀመጥ።" ባለፋብሪካው ቀዩን ብርጭቆ በእጁ እንደያዘ ወጣ። መጋዘኑ ሲሞላ ወዴት እንደሚሆን የጠየቀ ማንም የለም። ከሰኞ ጀምሮ ምድጃው ሙሉ በሙሉ ለካታሊስት ዱቄት እንደሚሆን ዓርብ ጠዋት ተነገረ።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ እሬት እህቷ ቤት ሄደች። እትዬ ከሳሎኑ አጠገብ ባለችው ክፍል፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ ተከባ፣ አፏ ላይ መርፌ ነክሳ ትሰፋለች። ሱሪ እያሳጠረች ነው። ቀና ብላ አየቻትና በዓይኗ ወንበር ጠቆመቻት።

"መሣሪያሽ ተበላሸ ተባለ" አለች መርፌውን ከአፏ አውጥታ።

"ማን አለ?"

"ለእንግዶቹ እንደዚያ እንደተባለ ነገረኝ። ቀጥሎ ደግሞ አልተበላሸም አለኝ። እኔ ሳላስጠነቅቃት ቀርቼ ይሆን እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ለምን አላስጀመርሽውም?"

"እትዬ፣ አንቺ አታውቂውም። ባልሽ እኮ..."

"ባሌን አውቀዋለሁ" አለች እትዬ። "ምን ያህል እንደሚያውቅና ምን ያህል እንደማያውቅ ካንቺ በፊት ነው ያወቅኩት። ያወጣሽለትን ስምም አውቃለሁ፣ ሙገሳ እንዳልሆነም ገብቶኛል፣ ደስ ስላለው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ስለሱ አልጠየቅኩሽም። ስለ ካርቦንሽ ነው የጠየቅኩሽ። ያን ሁሉ ዓመት የለፋሽበትን፣ ያን ጨዋ ልጅ ያባረርሽበትን ሥራ፣ ለምን ጠዋት አላስጀመርሽውም?"

ለእትዬ መዋሸት አይቻልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አልተቻለም። እሬት ሁሉንም ነገረቻት። ያለ ፐርኦክሳይድ የሞከረችውን፣ ለወራት አምቃ የያዘችውን፣ አልኮሉን፣ ቀዩን፣ ሦስት ሌሊት ያሰበችውን። ስትናገረው ነገሩ በሐሳቧ ከነበረው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደባት። በመጨረሻ አለቀሰች፣ ንዴት ነው ያስለቀሳት።

እትዬ የስፌት ማሽኗን አቆመች።

"ጠዋቱን ሙሉ?" አለች።

"አዎ።"

"ብርጭቆ ስታጥቢ፣ ቀለም ስትበጠብጪ?"

"አዎ አልኩሽ እኮ።"

"ሁሉንም ለሱ ብለሽ?"

"ምን ለሱ እላለሁ! እሱን ለመጣል ነው እንጂ!"

"ያው ለሱ ነዋ" አለች እትዬ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ። "ጉድ ነው መቼም። እኔ ሚስቱ ነኝ፤ አንድ ጠዋት ሙሉ እሱን ሳስብ ውዬ አላውቅም።"